ምኞታችንን ብንቀይር ሞት ይቀልልናል?

ለቅሶ ቤት ገብተን ቁጭ እንዳልን፣ አጠገባችን ላለው ሰው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ። «ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«92» ከተባልን ቀለል ይለናል። «እንግዲህ ዕድሜ ጠግበዋል» እንላለን። «24» ከተባልን ግን ቃል ያጥረናል። ቆየት ብሎ አንዱ «ምን ይደረግ፣ ተቀጨ» ይላል።

አንዱ ቃል ከገበታ፣ ሌላው ከማሳ የመጣ ነው። የሚጠግበው የበላ ሰው ነው። የሚቀጨው ገና ለጋ የሆነ ቡቃያ ነው። ሁለቱም ሰዎች ሞተዋል። እኛ ግን የደረሰባቸው ጉዳት እኩል አይደለም እያልን ነው። እንዲህ ስንል ሳይታወቀን ስለ ሞት አንድ አቋም ይዘናል። ሞት የሚጎዳው ገና የሚፈልገው ነገር የቀረበትን ሰው ነው፤ የፈለገውን ያገኘውን ያን ያህል አይጎዳውም የሚል አቋም።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ለጥጋቡ 92 ዓመት መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ዛሬውኑ ምኞታችንን ብንቀንስ፣ ወይም በሌላ ብንለውጠው፣ ሞት የሚነጥቀን ነገር አያንስም?

ይህ ጥያቄ ከ2,300 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ሲጨነቅበት የኖረ ነው። እኔም አያቴን ከቀበርን ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

መጀመሪያ ጥያቄውን እናጥራው። እዚህ ላይ የምናወራው ስለ ጣር አይደለም። «ከሞቱ አሟሟቱ» የምንለው ሌላ ጉዳይ ነው። ቀሪ ቤተሰብ ስለሚደርስበት ሐዘንም አይደለም። ጥያቄው ሞት ለሞተው ሰው ለራሱ ጉዳት ነው ወይ፣ ከሆነስ በምን በኩል ነው የሚል ነው። ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብሎ የሚያምን ሰውም ከጥያቄው አያመልጥም። ንጉሥ ሕዝቅያስ አማኝ ነበር። «ትሞታለህና ቤትህን አስተካክል» ሲባል ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። 15 ዓመት ተጨመረለት። ይህችኛዋ ሕይወት ራሷ የምታሳሳ ናት።

ስለዚህ ጉዳይ አጥብቆ ከጻፉት አንዱ ግሪካዊው ኤፒኩረስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ341 እስከ 270 ኖረ። አቴንስ ውስጥ በአንድ የአትክልት ቦታ ወዳጆቹን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ሐሳቡ አጭር ነው። እኛ እያለን ሞት የለም፤ ሞት ሲመጣ እኛ የለንም። ታዲያ ማን ይጎዳል? የሌለ ሰው አይራብም፣ አይበርደውም፣ አይናፍቅም።

መጀመሪያ ሲሰሙት አፍ ያስይዛል። እኔ ግን አንድ ነገር አይዋጥልኝም። ድሮ የዲቪ ዕጣ የደረሰው ሰው በፖስታ በሚላክ ደብዳቤ ነበር የሚነገረው። አንድ ልጅ ዕጣው ወጣለት እንበል። ደብዳቤው ግን መንገድ ላይ ጠፍቶ ቀረ። ልጁ ማሸነፉን ሳያውቅ ኖረ። አልከፋውም፣ አላለቀሰም። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር አምልጦታል። ጉዳት ማለት የሚሰማን ሕመም ብቻ አይደለም ማለት ነው። የቀረብንም ነገር ጉዳት ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔጅል በ1970 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ጽሑፍም የሚለው በዚህ መንገድ ነው። ሞት ክፉ የሆነው በሚያመጣው ነገር ሳይሆን በሚያስቀረው ነው። የ24 ዓመቱ ልጅ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ቀረበት። ቡናው፣ ፍቅሩ፣ ሥራው፣ ከጓደኛ ጋር መጣላቱና መታረቁ ሁሉ ቀረበት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ እንግሊዛዊው በርናርድ ዊሊያምስ ወደ ምኞት መጣ። ፍላጎቶቻችን ሁለት ዓይነት ናቸው አለ። እሱ የሰጣቸው ስም ከባድ ስለሆነ እኔ በራሳችን አነጋገር ልጥራቸው። አንዱን «ካለሁ አይቀር»፣ ሌላውን «ልኑርና ልየው» እንበላቸው።

ካለሁ አይቀር ጥርሴን ባያመኝ እወዳለሁ። ካለሁ አይቀር የቤት ኪራይ ባይጨመርብኝ፣ ውሃ በየቀኑ ቢመጣ እወዳለሁ። እነዚህ ምኞቶች መኖሬን ይዘው የሚመጡ ናቸው። ብሞት ጥርሱም የለም፣ ሕመሙም የለም። ማንም ጥርሱን እንዳያመው ብሎ ለመኖር አይታገልም።

ሁለተኛው ዓይነት ሌላ ነው። የታናሽ እህቴን ምርቃት ልይ። የጀመርኩትን ቤት ጣሪያ ላልብስ። ልጄ «አባዬ» ስትል ልስማ። እነዚህ «ካለሁ» ብለው አይጀምሩም። እንድኖር የሚያደርጉኝ እነሱ ናቸው። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሱን፣ ስንታመም መድኃኒት የሚያስውጡን እነዚህ ናቸው። በዊሊያምስ አስተሳሰብ ሞት የሚመታን እዚህ ላይ ነው። «ልኑርና ልየው» ያለው ሰው ሳያይ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። ሞት የሚጎዳው «ልኑርና ልየው» የሚለውን ከሆነ፣ ያንን መተው ነዋ። ኤፒኩረስም ወደዚህ ያዘነበለ መንገድ ነበረው። ፍላጎቶችን ከፋፍሎ ነበር። እንደ ምግብና መጠለያ ያሉ የግድ የሚያስፈልጉ አሉ። ደግሞ እንደ ዝናና ገደብ የለሽ ሀብት ያሉ፣ ቢገኙም ጠገብኩ የማያሰኙ አሉ። የመጀመሪያዎቹን ያዝ፣ የኋለኞቹን ተው ይላል። እሱ ራሱ እንዲህ ኖሯል። ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ፣ ድግስ ሲያምረኝ እንድደግስበት አንድ ማሰሮ አይብ ላክልኝ እንዳለው ይነገራል። የሰውየው ድግስ አይብ ነበር።

ስለ አይቡ የሚለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ማለቂያ የሌለውን ምኞት ይዞ የሚኖር ሰው በ30 ዓመቱም በ90 ዓመቱም ቢሞት ሳይጠግብ ነው የሚሞተው። ብርን ብቻ የሚመኝ ሰው የሚያቆምበት ቁጥር የለውም። ችግሩ ይህን ምክር ወደ ሁሉም ምኞት ስንዘረጋው ነው።

ኤፒክቴተስን እንይ። ባሪያ የነበረ፣ በኋላ ነፃ ወጥቶ በሮም ግዛት ዘመን ያስተማረ ትልቅ ሰው ነው። አንድ ማሰሮ የምትወድ ከሆነ «የምወደው ማሰሮ ነው» በል፣ ሲሰበር አትታወክም ይላል። እስከዚህ ጥሩ። ቀጥሎ ግን ልጅህን ወይም ሚስትህን ስትስም «የምስመው ሟች የሆነ ሰው ነው» በል፣ ሲሞትብህ አትታወክም ይላል። ይህን ለአንዲት እናት ብትነግራት ምን እንደምትልህ አስበው። እኔ እናቴን አንድ ቀን ቡና ላይ ነገርኳት። ረከቦቱን ጠጋ አድርጋ፣ «እሱ ልጅ የለውም መሰለኝ» አለች።

እናቴ የነካችውን ነገር ፈላስፎችም አንስተውታል። ስቲቨን ሉፐር የተባለ አሜሪካዊ በ1985 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው፣ ሞት የማይጎዳው ሰው ለመሆን አጥብቀን መውደድን መተው አለብን። የልጄን ማደግ ባይም ባላይም ግድ የለኝም የሚል አባት፣ በእርግጥ ሞት ብዙም አያስቀርበትም። ምን ዓይነት አባት ነው ግን? ሞት ሊወስድበት የሚችለውን ነገር ቀድሞ ራሱ ጥሎታል። ሌባ እንዳይሰርቀው ብሎ ቤቱን በገዛ እጁ እንዳቃጠለ ሰው ነው። ጉዳቱ አልቀረም፤ ቀኑ ቀደመ እንጂ።

የእኛ «ጠገበ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በጣም ይረዳናል። ሁለት ሰዎች ገበታ ላይ ቀርበው «አልበላም» አሉ። አንዱ በልቶ ጠግቧል። ሌላው ታሟል፣ ምግብ አስጠልቶታል። ሁለቱም ፍላጎት የላቸውም። የታመመውን ግን ማንም «ጠግቧል» አይለውም። «እስቲ ትንሽ ቅመስ» ብለን እንለምነዋለን።

በሕይወትም እንዲሁ ነው። በድባቴ የታመመ ሰው ምንም አልፈልግም ሊል ይችላል። ምርቃት አያምረውም፣ ልጅ አያምረውም፣ ነገ አያምረውም። ሞት ለዚህ ሰው ጉዳት የለውም እንላለን? በፍጹም። እንዲያውም እጅግ የምንሰጋለት እሱን ነው። ቢታከም የሚመለስለት ሕይወት አለና። ምኞቱ የጠፋው ስለበላ አይደለም፤ ሕመሙ አጥፍቶበት ነው።

ሌላም አለ። ከከተማ ርቃ የተወለደች የ12 ዓመት ልጅ እናስብ። ትምህርት ቤት አይታ አታውቅም፣ ስለዚህ መማር አልተመኘችም። ሐኪም መሆን የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም፣ ስለዚህ አላማራትም። የምትመኘው ውሃው ቢቀርብላትና ለበዓል አዲስ ቀሚስ ቢገዛላት ነው። ልጅቷ ብትሞት፣ ምኞቷ ጥቂት ስለነበረ የቀረባትም ጥቂት ነው ልንል? ይህን ማለት ድህነት አንድ ጊዜ የቀማትን እኛ ደግመን መቀማት ነው። ጥናት ያላቸው ሰዎች ይህን ዓይነት ምኞት፣ ማለትም ችግር የቀረጸውን ምኞት፣ የወይኑ ዘለላ አልደርስ ሲላት «ጎምዛዛ ነው» ብላ ከሄደችው ቀበሮ ጋር ያነጻጽሩታል። ልጅቷ ግን ከቀበሮዋም የባሰ ነው የደረሰባት። ወይኑን ጨርሶ አላየችውም።

አራስ ሕፃንስ? ሕፃን «ልኑርና ልየው» አይልም። ምኞት ብቻ መለኪያ ከሆነ የሕፃን ሞት ጉዳት የለውም ሊባል ነው። ይህን የሚቀበል ሰው ብዙ አላገኘሁም።

እንግዲህ ምኞት ሙሉው ሚዛን አይደለም። ሞት ያልተመኘነውንም መልካም ነገር ያስቀርብናል። ስለዚህ ምኞትን በመግደል ብቻ ሞትን ጥርስ አልባ ማድረግ አይቻልም። ነገሩ እዚህ ቢያልቅ መልሱ «አይቀልልም» ነበር። አያልቅም ግን። ምኞትን ከመግደል ሌላ መለወጥም አለ።

አረጋዊው ስምዖንን አስታውሱ። መሲሑን ሳያይ ሞትን እንዳያይ ተነግሮት ነበር። ሕፃኑን ሲታቀፍ «አሁን ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» አለ። ስምዖን ምኞቱን አልተወም። ምኞቱ መጨረሻ ነበረው፣ ያም ደረሰ። ስለዚህ አሰናብተኝ ማለት ቻለ። መጨረሻ ያለው ምኞትና መጨረሻ የሌለው ምኞት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። «ሀብታም ልሁን» መድረሻ የለውም። «የታናሼን የትምህርት ወጪ ሸፍኜ ላስመርቃት» ግን የሚያልቅበት ቀን አለው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መዞር ፍላጎትን መቀነስ አይደለም። የሚያጠግብ ምግብ መምረጥ ነው።

ሰው ይህን ሳይመከርም ያደርገዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ላውራ ካርስተንሰን ለዓመታት ያጠናችው ይህን ነው። ሰዎች ሲያረጁ አዳዲስ ሰው መተዋወቅ፣ ለሩቅ ጊዜ መዘጋጀት ይቀንሳሉ። ጊዜያቸውን ለጥቂት የልብ ሰዎች ይሰጣሉ። ይህ የሚሆነው ስለደከሙ ብቻ እንዳይመስለን። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኤችአይቪ በጠና በታመሙ ወጣቶችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የሚወስነው የተወለድንበት ዓመት ሳይሆን ቀረኝ ብለን የምናስበው ጊዜ ነው። ጊዜው ሲያጥር ምኞቱም ቅርብ ቅርቡን ይይዛል።

በእኛም አገር ከዚህ አልፎ የሚሄድ መንገድ አለ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲመነኩስ ለሙት የሚደረገው ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። ለዚህ ዓለም ሞቷል ማለት ነው። ከመሞቱ በፊት ይሞታል። ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ በስተርጅና ቆብ የሚደፉ እናቶችንም ሁላችንም እናውቃለን። ከውጭ ሲያዩት ምኞትን ማጥፋት ይመስላል። እነሱን ብትጠይቃቸው ግን ምኞቴ ጠፋ አይሉህም። ዞረ ይሉሃል።

አንድ ሦስተኛ መንገድም አለ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ። ደግሞም ያሳየን ኤፒኩረስ ራሱ ነው፣ በመጨረሻ ቀኑ። ሽንት ታፍኖበት፣ በከባድ ሕመም ላይ ሆኖ ለወዳጁ ለኢዶሜኔውስ ደብዳቤ ጻፈ። ሕመሙ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ደርሷል፣ ያለፈውን ጨዋታችንን ሳስታውስ የሚሰማኝ ደስታ ግን ይህን ሁሉ ይመክታል አለ። ከዚያም ቀድሞት የሞተውን የጓደኛውን የሜትሮዶሩስን ልጆች አደራ አለ። በኑዛዜውም ስለ ልጆቹ አስተዳደግ፣ ልጅቷም ስትደርስ ስለምትዳርበት ነገር ጽፏል።

ሞት ለእኛ ምንም አይደለም ያለው ሰው፣ ከሞተ በኋላ የሚሆን ነገር ተመኘ! አንዳንዶች ይህን ከትምህርቱ ጋር የሚጋጭ አድርገው ይወስዱታል። ለእኔ ትልቅ ቁም ነገር የያዘ ነው። «ልጆቹን እኔ ላሳድግ» የሚል ምኞት ቢሆን ሞት ያፈርሰው ነበር። «ልጆቹ ይደጉ» የሚለውን ግን ሞት አይደርስበትም። አደራ የሚቀበል ሰው እስካለ ድረስ።

አያቴ ስፌት ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ሳይደክም፣ የእህቴ ሰርግ ላይ የሚቀርብ መሶብ ጀመረች። እህቴ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። አክርማው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከጎኗ ነው። በወስፌዋ ስንደዶውን ትወጋለች፣ አክርማውን ታሾልካለች፣ ትስባለች። ሲሳብ ጢስ የምትል ድምፅ አለች። ቀዩና አረንጓዴው አለላ ለየብቻው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሳጥኗ ውስጥ፣ ከአለላው ሥር፣ መገነዣዋ ታጥፎ ተቀምጧል። እሷ ራሷ ገዝታ ያስቀመጠችው ነው። አለላ ባወጣች ቁጥር ትነካዋለች። አንድም ቀን ሲያስፈራት አላየሁም።

ዓይኗ መድከም ሲጀምር ግን ከፋት። ወስፌው ጣቷን ይወጋት ጀመር። «ሳልጨርሰው ልሄድ ነው» አለች። መሶቡን ለሁለት ሳምንት ያህል አልነካችውም። ከዚያ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለቻት። ዓይኗ ባያይም ጣቶቿ ያውቃሉ። ልጅቷ ስትስት በዳሰሳ ታገኘዋለች። «ይሄ ላልቷል፣ ፍቺው» ትላታለች።

ምኞቷ ሁለት ክር ተገምዶበት ነበር። አንዱ «መሶቡ ይለቅ፣ ለልጄ ይድረስ»። ሌላው «እኔ ልጨርሰው፣ ሰርጓንም ልየው»። ግማዱን ፈትታ የመጀመሪያውን ለልጅቷ አስያዘች። ሁለተኛው ከእሷ ጋር ሄደ። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም። ሰርጉን ማየት ትፈልግ ነበር፣ አላየችም። በ86 ዓመቷ፣ ከሰርጉ ሦስት ዓመት ቀድማ ሞተች። ለቅሶው ላይ «ዕድሜ ጠግባለች» ሲሉ ሰማሁ። አብዛኛው እውነት ነበር። ሁሉም ግን አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ሰው «ምኞቴን ብቀይር ሞት ይቀልልኛል ወይ?» ቢለኝ፣ በከፊል ነው የምለው። መጨረሻ ወዳለው ነገር ብትዞር ይቀልላል። ሌላ ሰው ሊረከብህ የሚችለውን ክር ለይተህ ብታስረክብም ይቀልላል። ቀሪው ግን ይቀራል። ለ24 ዓመቱ ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ ብዙም አይሠራም። ገና የሚመርጠውን ምኞት እንኳ አላገኘም። እሱን በጽናትና በጥበብ ማጽናናት የሚሞክር ሰው ዝም ቢል ይሻላል። ተቀጭቷል፣ በቃ። በጠና የታመመን ሰውም «ተቀበለው፣ ምኞትህን ተው» ብለን አንጫነው። አያቴ ክሩን የፈታችው ራሷ ናት፣ በራሷ ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት ከከፋት በኋላ። በዚያ ሁለት ሳምንት ማንም አልመከራትም። እናቴ ቡና እያፈላች አጠገቧ ትቀመጥ ነበር።

መሶቡ ዛሬ እህቴ ቤት ነው። ቀረብ ብሎ ያየው ሰው የት ላይ እጅ እንደተቀየረ ያውቃል። ከታች ያለው ጥብቅ ነው፣ ጥፍር አያስገባም። ከወገቡ በላይ ትንሽ ላላ ይላል፣ አረንጓዴውም አለላ ይደምቃል። የጎረቤታችን ልጅ አግብታ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ለፋሲካ ስትመጣ ክዳኑን እሰፋለሁ ብላለች።